ሽቦና ሕግ

የተቃጠለ ካፓሲተር ሽታ አንዴ አፍንጫ ውስጥ ከገባ አይረሳም። ጉሮሮ ይቧጥጣል፣ ልብስ ላይ ተጣብቆ ቤት ድረስ ይከተላል። በቅርቡ ሜሪላንድ ውስጥ አንድ ደንበኛዬ ጋራዡ ውስጥ የሠራውን የውሃ ፓምፕ መቆጣጠሪያ ሊያሳየኝ ማብሪያውን ሲጫን፣ ከሳጥኑ ውስጥ «ጧ!» የሚል ድምፅ ተሰማና ቀጭን ነጭ ጭስ ወጣ። ሰውዬው እጁን ከማብሪያው ሳያነሳ «ካፓሲተሩን ገልብጠህ ነው የሰካኸው» አልኩት። ቀና ብሎ አየኝና «እኔ እኮ የጠራሁት ጠበቃ ነው» አለ። ሁለታችንም ሳቅን።

እሱ የጋራዡን በር ሊከፍት ሲሄድ እኔ ግን በሐሳብ እዚያ አልነበርኩም። በተማሪነቴ ዘመን፣ ፌርፋክስ፣ ጆርጅ ሜሰን ዩኒቨርሲቲ፣ የሰርኪዩት ላብራቶሪ ውስጥ ነበርኩ። የኦሲሎስኮፑ አረንጓዴ መስመር ይንቀጠቀጣል። ጠረጴዛው ላይ የሽቦ ቁርጥራጭ፣ ባለቀለም ቀለበት ሬዚስተሮች፣ የቀዘቀዘ ቡና። የፓርኪንግ ሥራዬን ዩኒፎርም ለማውለቅ ጊዜ ስላላገኘሁ ደረቴ ላይ የኩባንያው ስም አለ። አብሮኝ የሚሠራው የቬትናም ልጅ አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ፣ የፈነዳችውን ካፓሲተር በሁለት ጣቱ አንስቶ ወደ መብራቱ ያዞራታል። «ተመልከት፣ በዚህ በኩል ነው የተቀደደችው፤ ለምን በዚህ በኩል ይመስልሃል?» ይለኛል። ለእሱ ፍንዳታው ራሱ የዕለቱ ትምህርት ነው። እኔ ሰዓቴን አያለሁ።

የሽቦ ፍቅር ኖሮኝ አልነበረም እዚያ የተቀመጥኩት። ኢንጂነሪንግ የመረጥኩት ጠበቃ ለመሆን ነው። ይህን ስናገር ያኔም ሰው ግራ ይጋባ ነበር፣ ዛሬም ይጋባል።

ነገሩ የተጀመረው ከመሬት በታች ነው። እንደ ብዙዎቹ የእኔ ዘመን ስደተኞች የመጀመሪያ ሥራዬ ፓርኪንግ ነበር፤ ቦታው ደግሞ አርሊንግተን፣ ክሪስታል ሲቲ። ያኔ የአሜሪካ የፓተንት ቢሮ እዚያ ሰፈር በየሕንጻው ተበትኖ ነበር የሚሠራው። ጠዋት ቲኬት ስቆርጥላቸው መርማሪዎቹንና ጠበቆቹን ከኋላ ወንበራቸው ላይ በተከመረው ወረቀት እለያቸዋለሁ። አንዳንዱ ከወረቀቱ ጋር ዕቃ ይይዛል። አንዱ የመኪና ቫልቭ በላስቲክ ከረጢት አድርጎ አይቼዋለሁ፤ ሌላው የታጠፈ የሕፃን ጋሪ ተሸክሞ ወደ ሊፍቱ ይሮጣል። ጠበቃ ቫልቭ ተሸክሞ ምን ያደርጋል? እኔ የማውቀው ጠበቃ ልደታ ፍርድ ቤት ደጃፍ ዶሴ በብብቱ ይዞ የሚቆመውን ነው።

አንድ ምሽት የአንድ ሽበታም ጠበቃ ደንበኛችን መኪና ባትሪ ሞተ። ገመድ አምጥቼ ከሌላ መኪና ሳስነሳለት ምን እንደምማር ጠየቀኝ። አሌክሳንድሪያ የሚገኘው የኖቫ ኮሌጅ ተማሪ መሆኔን፣ ሐሳቤ ሕግ እንደሆነ፣ ለዚያም ፖለቲካል ሳይንስ ልይዝ እንደሆነ ነገርኩት። ሰውዬው ሞተሩ እስኪሞቅ በመስኮቱ እያወራ ቆየ። «ሕጉ የትም አይሄድም፤ ኋላ ታገኘዋለህ። መጀመሪያ ኢንጂነሪንግ ተማር» አለኝ። ሃያ ዶላር ጉርሻ ሰጥቶኝ ሄደ። ጉርሻው ያኔ ከምክሩ የበለጠ ደስ አሰኝቶኝ ነበር።

ምክሩ የገባኝ ውሎ አድሮ ነው። እኛ አገር ሕግ የመጀመሪያ ዲግሪ ነው፤ ሕግ የገባ ሕግ ገባ፣ ኢንጂነሪንግ የገባ ኢንጂነሪንግ ገባ። ኢንጂነሪንጉ ካለበት አምስት ኪሎ ሕጉ ወዳለበት ስድስት ኪሎ በእግር የሚደረስ መንገድ ነው፤ በሁለቱ መሃል ግን ከአንዱ ትምህርት ወደ ሌላው የሚመላለስ ተማሪ አላውቅም ነበር። አሜሪካ ውስጥ ሕግ የሚመጣው ከሌላ ዲግሪ በኋላ ነው፤ የቀደመው ዲግሪ ሙዚቃም ይሁን ታሪክ የሕግ ትምህርት ቤቱ ግድ የለውም። የፓተንት ቢሮው ግን ግድ አለው። ቢሮው ፊት ቀርቦ የፈጠራ ማመልከቻ የሚጽፍና የሚከራከር ሰው ሳይንስ ወይም ኢንጂነሪንግ መማሩን ማሳየት አለበት። የተፈቀዱት ዲግሪዎች በዝርዝር ተቀምጠዋል፦ ኤሌክትሪካል፣ ሜካኒካል፣ ኬሚካል፣ ሲቪል፣ ፊዚክስ፣ ኬሚስትሪ፣ ባዮሎጂ፣ ኮምፒውተር ሳይንስ፣ ሌላም ሌላም። ፖለቲካል ሳይንስ የለበትም። ከዝርዝሩ ውጪ የሆነ ሰው በቂ የሳይንስ ክሬዲት ቆጥሮ ማቅረብ ወይም የኢንጂነሮችን የመጀመሪያ ፈተና ማለፍ ይጠበቅበታል። ከዚያ በኋላ ነው መቶ ጥያቄ ያለው፣ ስድስት ሰዓት የሚፈጀው የቢሮው ፈተና የሚመጣው።

ውጤቱ ለሰሚው ይገርማል። ጠቅላይ ፍርድ ቤት ቀርቦ የሚከራከር ዝነኛ ጠበቃ ዲግሪው የታሪክ ከሆነ የአንዲት የቆርቆሮ መክፈቻ የፓተንት ማመልከቻ ይዞ ቢሮው ፊት መቆም አይችልም። የሕግ ትምህርት ቤት ደጃፍ ረግጦ የማያውቅ ኢንጂነር ግን ፈተናውን ካለፈ የፓተንት ወኪል ሆኖ ይጽፋል፣ ይከራከራል። (ፓተንቱ ከተሰጠ በኋላ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ሲደርስ ነገሩ ይገለበጣል፤ እዚያ የሽቦ ዲግሪ የሚጠይቅህ የለም። ትልልቅ የፓተንት ሙግቶችን የሚያሸንፉ የታሪክና የፍልስፍና ምሩቃን ሞልተዋል።)

ለአባቴ ለመንገር የስልክ ካርድ ገዛሁ። የዚያን ዘመን ካርድ የያዘው ደቂቃ ከተጻፈበት ሁልጊዜ ያነሰ ነው፤ ስለዚህ ሰው ዋናውን ነገር ቶሎ መናገር ይማራል።

«አባዬ፣ ኢንጂነሪንግ ልማር ነው።»

«እሰይ! ሕጉን ተውከው ማለት ነው?»

«አልተውኩትም። ለሕጉ ብዬ ነው።»

መስመሩ ተንኮሻኮሸ። «ጠበቃ መሆን የሚሻ ሕግ ይማራል እንጂ ሽቦ ምን ያደርግለታል?»

አባቴ ጎጃም ነው የተወለደው፤ በልጅነቱ የርስት ሙግት አይቷል። የየካቲት 1967 ዓ.ም. አዋጅ መሬቱን የሕዝብ ካደረገው በኋላ ሙግቱ ቢቀርም፣ ወሬው ቤታችን ውስጥ አልቀረም። የአያቴ ወንድም ከጎረቤቱ ጋር ስለ አንድ ድንበር ለዓመታት ተካሷል። ወረቀቱ «ከሾላው እስከ ምንጩ» ይላል፤ ሾላዎቹ ሁለት ናቸው፣ ምንጩ ደግሞ በክረምት አንድ ቦታ በበጋ ሌላ ቦታ ይፈልቃል። እኔም ይህንኑ ተጠቀምኩበት። ፓተንት ማለት የሐሳብ ርስት ነው፣ ጠበቃው ድንበሩን በቃላት ያካልላል፣ ድንበሩ ያለበት መሬት ግን ሽቦና ብረት ነው አልኩት። ትንሽ ዝም ካለ በኋላ «ታዲያ እንዲህ አትልም» አለ፤ «መሬቱን ሳይረግጡ በወረቀት የሚያካልሉ ናቸው እኛን ያጫረሱን። ተማር።» ካርዱ እዚያ ላይ አለቀ።

ስለ ፓተንት ሥራ ከብዙ ባለሙያዎች ሰምቻለሁ፣ መጻሕፍትም አንብቤያለሁ። ኤሌክትሪክ አብርቶ የማያውቅ አገር ያደገው አባቴ በዚያች ቅጽበት ከተናገረው የሚበልጥ አላገኘሁም።

የተማርኩባቸው ዓመታት ራሳቸው ብዙ የሚወራላቸው አይደሉም። ካልኩለስ፣ እንደገና ካልኩለስ፣ ከዚያ ሲግናልስ የሚሉት ሞገድ ብቻ የሚፈስበት ኮርስ። ቀን ፓርኪንግ፣ ማታ ክፍል፣ ሌሊት የቤት ሥራ። የሚያንገበግበኝ አንድ ነገር ነበር። ፖለቲካል ሳይንስ የያዙት ጓደኞቼ ኤ ሲሰበስቡ እኔ በሰርኪዩት ቢ ማይነስ አግኝቼ አመሰግናለሁ፤ የሕግ ትምህርት ቤት ስናመለክት ደግሞ ሁለታችንም የምንመዘነው በአንድ ሚዛን ነው፣ በአማካይ ውጤትና በመግቢያ ፈተና። «ኢንጂነር ስለሆንክ ይታሰብልሃል» የሚል ሰው አይጠፋም። ይታሰብልሃል፣ ትንሽ። ዛሬ ወጣት ሲጠይቀኝ ይህን አልደብቅም፤ ለሕግ ብቻ ብሎ ኢንጂነሪንግ የሚገባ ሰው ውጤቱ ላይ የሚከፍለው ዋጋ አለ።

በእረፍት ቀኔ አንዳንዴ የፓተንት ቢሮው የሕዝብ መፈለጊያ ክፍል እገባ ነበር። ለማንም ክፍት ነበር። ከመደርደሪያ የፓተንት እሽግ ስቦ ጠረጴዛ ላይ መዘርጋት ይቻል ነበር፤ ወረቀቱ በብዙ ሰው ጣት ጠርዙ ለስልሶ፣ ሽታው የድሮ ቤተ መጻሕፍት ነበር። ሥዕሎቹን አይቼ አልጠግብም። እያንዳንዷ ብሎን ቁጥር አላት፤ ከቁጥሯ ቀጭን መስመር ወጥቶ ጽሑፉ ውስጥ ስሟ ይጠራል። እኔን መጀመሪያ የያዘኝ ሕጉም ሽቦውም አይደለም፤ ይህ ነው። አንድ ሰው ከፊቱ ያለውን ዕቃ ምንም ሳያስቀር በቃላት መናገሩ።

የዚህ የሳይንስና የሕግ መንገድ ቀዳሚ ማን ነው ቢሉኝ ቼስተር ካርልሰንን እጠራለሁ። በ1930 እ.ኤ.አ. ከካልቴክ በፊዚክስ ተመርቆ፣ በዚያ ክፉ የኢኮኖሚ ቀውስ ዘመን ከሥራ ተባሮ፣ ኒው ዮርክ ውስጥ የአንድ የኤሌክትሪክ ዕቃ ኩባንያ የፓተንት ክፍል ገባ፤ ማታ ማታ ደግሞ ኒው ዮርክ የሕግ ትምህርት ቤት ይማር ጀመር። የሕግ መጽሐፍ መግዣ ስለሌለው ቤተ መጻሕፍት ሄዶ በእጁ ይገለብጣል፤ ቢሮው ውስጥም የፓተንት ቅጂ ሁልጊዜ ይቸግራል። መገልበጥ ስለሰለቸው ኩሽናው ውስጥ ድኝ እያቀለጠ ሙከራ ጀመረ፤ ሽታው ጎረቤት አስቆጥቶ እንደነበር ይነገራል። ጥቅምት 22 ቀን 1938 እ.ኤ.አ. አስቶሪያ ውስጥ በተከራያት ክፍል፣ ድኝ የተቀባ የዚንክ ሳህን በመሐረብ አሽቶ፣ ቀኑንና የሰፈሩን ስም ከመስታወት ላይ ወደ ወረቀት ገለበጠ። ዛሬ በየቢሮው ያለው ፎቶ ኮፒ ከዚያ ወጣ። በዓመቱ የሕግ ዲግሪውን ያዘ። ሰው ታሪኩን ሲያነሳ ስለ ሀብቱ ያወራል። እኔ የሚታየኝ ግን ማታ ከክፍል ወጥቶ ድኝ የሚያቀልጠው ሰውዬ ነው፤ ያንን ድካም አውቀዋለሁ።

ከተመረቅሁና ዜግነት ከያዝኩ በኋላ ያቺው የፓተንት ቢሮ መርማሪ አድርጋ ቀጠረችኝ። እስከዚያ ድረስ ቢሮው ከክሪስታል ሲቲ ለቆ አሌክሳንድሪያ ገብቷል፤ ዝውውሩ የተካሄደው ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። በመርማሪነት አራት ዓመት ያገለገለ ሰው ያቺን የስድስት ሰዓት ፈተና ሳይፈተን የመመዝገብ ዕድል አለው። ማታ ሕግ ተማርኩ። ክፍሉ ውስጥ እንደ እኔ ቀን መርማሪ፣ ማታ ተማሪ የሆኑ ነበሩ፤ በእረፍት ሰዓት ኮሪደር ላይ የምንጫወተው ስለ ሞተርና ስለ አንቴና ነው።

አንድ ነገር ያስተዋልኩት ያኔ ነው። የፓተንት ሕግ አንድ በምናብ የተፈጠረ ሰው አለው። ፈጠራው ቀላልና ግልጽ ነው ወይስ አይደለም የሚለው የሚለካው በዘርፉ መካከለኛ ችሎታ ባለው ባለሙያ ዓይን ነው። ሊቅ አይደለም፣ ጀማሪም አይደለም፤ ከእሱ በፊት የተጻፈውን ሁሉ ያነበበ፣ እጁ የፈታ ሠራተኛ ነው። የሕግ ተማሪዎቹ ይህን ሰው ለመጨበጥ ይቸገሩ ነበር፤ አንዱ አዋቂ ሲያደርገው ሌላው ጅል ያደርገዋል። ለእኔ ግን ፊት ነበረው። አፍንጫውን በሸሚዙ ሸፍኖ ካፓሲተር ወደ መብራት የሚያዞር ልጅ ነው። ይህን ቢያይ ምን ይሞክራል? የቱ ጋ ይስቃል? የቱ ጋ «ቆይ፣ ይሄንንስ አላሰብኩትም» ይላል? ካልኩለሱ ከጭንቅላቴ ከወጣ ቆይቷል። ልጁ ግን አልወጣም፤ ለሕጉ የጠቀመኝም እሱ ነው።

የሜሪላንዱ ደንበኛዬ ጋራዡን አናፍሶ፣ ካፓሲተሩን ቀይሮ፣ በትክክል ሰክቶ ተመለሰ። ፓምፑ ተነሳ። «ፈጠራዬ ይህቺ ናት» አለኝ፣ 470 ማይክሮፋራድ የተጻፈባትን ጥቁር በርሜል በጣቱ እየነካ። ደብተሬን አወጣሁ።

«በ330 ብትተካትስ?»

«ትሠራለች።»

«በ100?»

አሰበ። «ሞተሩ ሲነሳ ቮልቴጁ ይወርዳል፤ መቆጣጠሪያው ይጠፋና እንደገና ይነሳል። እንደገና ይጠፋል።»

«በሱፐር ካፓሲተር፣ በትንሽ ባትሪስ?»

«ውድ ይሆናል እንጂ ይሠራል።»

እንግዲህ ፈጠራው 470 አልነበረም፤ ካፓሲተርም አልነበረም። ሞተሩ እስኪነሳ ባለችው አፍታ የመቆጣጠሪያው ቮልቴጅ እንዳይወርድ የሚይዝ የኃይል ማከማቻ፣ ከሞተሩ መስመር ተነጥሎ መቀመጡ ነው። ክሌሙን፣ ማለትም የፓተንቱን ድንበር የሚያካልለውን ዓረፍተ ነገር፣ 470 ብዬ ብጽፈው ነገ አንዱ 330 ሰክቶ በጎን ያልፋል። «ማንኛውም ማከማቻ» ብለው ደግሞ መርማሪው የዛሬ ሃምሳ ዓመት የተሠራ ሬዲዮ አምጥቶ ይጥለዋል። ድንበሩ የሚተከለው በሁለቱ መሃል ነው፤ የት እንደሆነ የነገረኝ «በ100?» የሚለው ጥያቄ ነው። ይህን ጥያቄ የሕግ መጽሐፍ ውስጥ አላገኘሁትም።

ድንበር በቁጥር ሲታጠር በጤፍም አይቻለሁ። ጤፍ በውጭ አገር ፓተንት ወጣበት የሚለው ወሬ በአገር ቤትም በውጭም ያለነውን ሲያናድድ እኔም ተናድጄ ነበር። ከዚያ ሰነዱን አነበብኩት። የአውሮፓ ፓተንት ቢሮ በ2007 እ.ኤ.አ. የሰጠው የዚያ ፓተንት የመጀመሪያ ክሌም እንጀራን አይጠራም። የሚናገረው ስለ ዱቄት ነው፤ እህሉ በሚፈጭበት ጊዜ «ፎሊንግ ነምበር» የሚባለው ልኬት ቢያንስ 250 ይሁን ይላል። ልኬቱ የሚወሰደው ዱቄት በውሃ ተበጥብጦ፣ ቱቦ ውስጥ በፈላ ውሃ ሲሞቅ፣ መማሰያዋ በስንት ሰከንድ እንደምትሰምጥ በመቁጠር ነው። እህሉ ውስጥ ያለው ኢንዛይም ምን ያህል እንደሚሠራ ይነግራል። ርስቱ «ጤፍ የእኛ ነው» በሚል መፈክር ሳይሆን በዚያች ቁጥር ላይ ነበር የታጠረው። ሄግ ያለው ፍርድ ቤት በኅዳር 2018 እ.ኤ.አ. የፓተንቱን የኔዘርላንድስ ክፍል ሲያፈርስም ምክንያቱ የፈጠራ ደረጃ ጎድሎታል የሚል ነው፤ ስለ ባህላችን ክብር አይደለም። ቁጣችን ትክክል ነበር። ግን አጥሩን የሚነቅለው ቁጥሩን ማንበብ የሚችል ሰው ነው። እንዲህ ያለውን ሰው አምስት ኪሎና ስድስት ኪሎ ለየብቻቸው አያፈሩትም ብዬ አምናለሁ። ኢትዮጵያ የፈጠራ አዋጅ ካወጣችበት ከ1987 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ዓመት ሆኗል፤ ሁለቱን ትምህርት አጣምሮ የያዘ ባለሙያ ግን ዛሬም እንደ ልብ አይገኝም።

ክሪስታል ሲቲን ዛሬ ያየ ሰው የማወራው ተረት ይመስለዋል። አማዞን ሁለተኛ ዋና መሥሪያ ቤቱን እዚያው አጠገብ ተክሏል፤ ሰፈሩም በአዲስ ስም፣ ናሽናል ላንዲንግ እየተባለ ይጠራል። በየጋራዡ ካሜራው ታርጋ ያነባል፣ ክፍያው ከስልክ ይቆረጣል። ቲኬት ቆራጭ የለም፤ ስለዚህ ምሽት ላይ ባትሪው የሞተበትን ጠበቃ የሚያስነሳ፣ በመስኮት ምክር የሚሰማ ልጅም የለም። ምክር ራሱ ተለውጧል። ያኔ በአንድ ሰው አፍ የደረሰኝን ዛሬ የእህቴ ልጅ በስልኳ ከመቶ ሰው ታነባለች፣ መቶውም አይስማሙም።

ባለፈው ዓመት ደወለችልኝ። «ጋሼ፣ ለፓተንት ሕግ የሚሻለው የቱ ሜጀር ነው?» የማውቀውን ነገርኳት። ኤሌክትሪካልና ኮምፒውተር የያዘ በመጀመሪያ ዲግሪው ብቻ ሥራ ያገኛል፣ ሜካኒካልም እንደዚያው፤ በባዮሎጂና በመድኃኒት በኩል ግን ትልልቆቹ የሕግ ቢሮዎች ዶክትሬት ይጠብቃሉ። ሥዕልና ንድፍ ከወደደች ደግሞ ከ2024 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ አንስቶ የዲዛይን ፓተንት ብቻ ለሚሠሩ የተለየ ምዝገባ ተከፍቷል፣ በአርክቴክቸርም ይገባል። ሁሉንም ጻፈች። ከዚያ አንድ ነገር ጠየቅኋት፤ አንድ ነገር ሲበላሽ ለምን እንደተበላሸ ሳታውቅ መተኛት የሚያቅታት የቱ ላይ ነው?

«ድልድይ» አለች፣ ሳታስብ። «ሲቪል ዝርዝሩ ውስጥ አለ?»

«አለ። ግን በድልድይ ብዙ የፓተንት ሥራ የለም፤ ኤሌክትሪካል ቢሆን ይሻልሻል።»

ሲቪል ያዘች። አሁን የኮንክሪት ኮርስ ላይ ናት። በየሳምንቱ የምትደውለው ሲሊንደር አፍስሰው፣ በ28ኛው ቀን በመጭመቂያ ማሽን ሰብረው፣ ስንት እንደያዘ እንዴት እንደሚመዘግቡ ልትነግረኝ ነው። ለምን በ28 ቀን እንጂ በ30 አይደለም ብላ ትጨቀጭቀኛለች፤ መምህርሽን ጠይቂ እላለሁ። የሕጉን ነገር ካነሳን ሰንብተናል።